ሰደድ እሳት ከምን ይነሳል፣ መነሻውስ እንዴት ይታወቃል? ከደንገጎ ቁልቁለት እስከ ሐረር ኮረብቶች ላለ ሰው

ቆላው ላይ ሣር ሲነድ አድሮ፣ ጠዋት ቆመው ከሚያዩት አንዱ «ፀሐይዋ ናት ያቃጠለችው» ማለቱ አይቀርም። ድሬዳዋ እንደምትሞቅ ማንም አይክድም፤ በእኩለ ቀን ራቁቱን የቀረ አፈርና ድንጋይ 60 እና 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ደረቅ ሣር እሳት ለመያዝ ግን ከ250 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ያንን ልዩነት ፀሐይ አትሞላውም፤ የሚሞላው ፍም፣ ክብሪት፣ የጋለ ብረት፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም መብረቅ ነው። የፀሐይዋ ድርሻ ማድረቅ ነው። ስለዚህ «ምን አቃጠለው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ሁለት ነው፦ ማን ወይም ምን ሙቀት አመጣ? ያመጣው ሙቀትስ ለምን በዚያ ቀንና ሰዓት ያዘ?

ሁለተኛውን እናስቀድም፤ መከላከል የሚጀምረው ከእሱ ነውና።

ቀኑና ሰዓቱ

በምሥራቅ ሐረርጌና በድሬዳዋ ዙሪያ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በልጉ ከመጋቢት ወዲህ፣ ክረምቱ ከሐምሌ ጀምሮ። ክረምቱ ያበቀለው ሣር ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይገረጣል፣ በኅዳር ይደርቃል፣ በልጉ እስኪመጣ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅ ማገዶ ይሆናል። ቆላው ላይ ይበልጥ የሚያሰጋው ክረምቱ ጥሩ የነበረበት ዓመት ነው፤ የሚነደው ሣር ብዙ ነዋ። በድርቅ ዓመት እሳቱ ባዶ መሬት እያገኘ ይቆማል። ደጋው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የጥድና የወይራ ደን ሁልጊዜም የሚነድ ነገር ሞልቶታል፤ ከእሳት የሚጠብቀው እርጥበቱ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ ሲቀር ነው የሚጋለጠው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የደረሰው ትልቅ ቃጠሎ በድርቅ ወቅት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ የነደደውም በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በበጋው ማብቂያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይስታል። ከእርሳስ የቀጠነ ሣርና ጭራሮ (ከ6 ሚሊሜትር በታች) ከአየሩ እርጥበት ጋር ለመስተካከል አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። እስከ 25 ሚሊሜትር የሚወፍር ቅርንጫፍ 10 ሰዓት፣ እስከ 75 ሚሊሜትር የሚደርስ ደግሞ ወደ አራት ቀን ይፈልጋል። ጠዋት ያካፋ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው፤ እሳት የሚለኮሰው በጭራሮው እንጂ በግንዱ አይደለም። መሣሪያ ለሌለው ሰው የእጅ ሙከራ አለ፦ ከሥሩ ያለውን ሣር ጨምድዱት። ተጣጥፎ ከቀረ ገና ነው። ተሰባብሮ በመዳፍ ላይ ደቆ ከቀረ፣ ጭራሮውም ሲሰበር ቀጭ ካለ፣ የዚያን ቀን እሳት አትጫሩ።

ስልካችሁ ላይ የአየር ሁኔታ የምታዩ ከሆነ ሦስቱን ሠላሳዎች ያዙ፦ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየር እርጥበት ከ30 በመቶ በታች፣ ነፋስ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ። ሦስቱ ሲገጥሙ አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የተሟላ ስለሆነ ቀሪዎቹን ሁለቱን መጠበቅ ነው። በቀን ውስጥ ደግሞ ክፉው ሰዓት ከቀኑ 6 እስከ 10 ነው፤ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከቆላው ወደ ደጋው ሽቅብ ይነፍሳል፣ እሳቱንም ወደ ተራራው ይነዳዋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ዞሮ ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት ከላይ ሆኖ «ወደ እኛ አይመጣም» የተባለ ጭስ በሰባት ሰዓት ደጃፍ የሚደርሰው በዚህ መገልበጥ ነው።

የበዓላቱንም ነገር በዚሁ ሚዛን ብናየው ይገርማል። ደመራ ትልቅ እሳት ነው፤ መስከረም 16 ላይ ግን ምድሩ አረንጓዴ ስለሆነ እምብዛም ሰደድ አያስነሳም። ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን፣ እሳቱ ትንሽ ነው፤ በየደጃፉ የተጠረገ ቆሻሻ ብቻ። ሣሩ ደርቆ በሚጠብቅበት ወር ስለሚውል ግን ከከተማው ዳር፣ ከወንዝ ዳር፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ላለ ቤት ከደመራው ይልቅ እሱ ያሰጋል።

ቁልቁለቱ

ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ ደንገጎን ወጥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። እሳት አቀበት ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር ጎንበስ ብሎ ያሞቀዋል፤ ተዳፋቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ሜዳ ላይ በእግር የሚቀደም እሳት በ20 ዲግሪ አቀበት አራት እጥፍ ሊፈጥን ይችላል። ስለዚህ ከእሳት በላይ ቆማችሁ አታጥፉ፣ ስትሸሹም ሽቅብ አትሩጡ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ተቃጠለው ወይም ወደ ራቁቱ መሬት ውጡ። ከእሳት በታች መቆምም ራሱን የቻለ አደጋ አለው፦ የነደደ ጉቶና የሞቀ ድንጋይ እየተንከባለለ ወርዶ ከኋላችሁ አዲስ እሳት ያስነሳል። የእሳት መከላከያ መስመር ሲጠረግ ቦታው ከጉብታው ጫፍ ትንሽ አልፎ በማዶ በኩል ነው። እሳቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ተዳፋቱ መሐል የተጠረገ መስመርን ግን ዘሎት ያልፋል።

ምንጣሮ

በሰው እጅ ከሚነሱት ውስጥ ትልቁ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ሐረርጌ ላይ የማሽላ አገዳ ከብት ይበላዋል፣ ይታጠርበታል፣ ይማገዳል፤ ስለዚህ ማሳው ላይ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ አገዳው ሳይሆን አረሙ፣ ቁጥቋጦውና የወፍ ቆሎው ነው። ለከብት አዲስ ሣር እንዲያቆጠቁጥ ወይም መዥገር እንዲሞት ተብሎ የግጦሽ መሬት የሚለኮስበትም አለ። እሳቱ ከእጅ የሚያመልጠው በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ስህተት ነው፦ በነፋሱ በኩል ተለኩሶ ወደ ሜዳው እንዲሄድ ይለቀቃል፤ በፍጥነት እንዲያልቅ ተብሎ።

መጀመሪያ ማቃጠል የግድ መሆኑን እዩ። የተመነጠረ ቁጥቋጦ በእርከን ላይ ቢደረደር አፈር ይይዛል፤ የወፍ ቆሎም ቢቃጠል ከሥሩ ተመልሶ ስለሚያቆጠቁጥ በዶማ መነቀሉ ይሻላል። የግድ ከሆነ እንዲህ ይደረግ።

ቁጥቋጦውን በቆመበት አታቃጥሉ። ከጎን ወደ ጎን ከ2 ሜትር፣ ከፍታው ከ1 ሜትር ያልበለጠ ክምር አድርጉት፤ ብዙ ከሆነ በተራ እየጨመራችሁ ነው እንጂ አንድ ትልቅ ተራራ አትሥሩ። ትልቅ ክምር የነደዱ ቅጠሎችን ከፍ አድርጎ ያወጣል፣ ነፋሱም ወስዶ የሚያርፉበትን ይመርጣል። በክምሩ ዙሪያ ቢያንስ 3 ሜትር ስፋት ሣሩን በዶማ ከነሥሩ አንሡ። በማጭድ ማጨድ አይበቃም፤ የቀረው ገለባ እሳቱን ያሻግራል፤ አፈሩ መታየት አለበት። ከላይ የባሕር ዛፍ ወይም የግራር ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበትን ቦታ ተዉት። 20 ሊትር የሚይዙ ሦስት ጀሪካን ውኃ፣ ሁለት አካፋና ቢያንስ ሦስት ሰው ሳይሟላ ክብሪት አይጫር። ለጎረቤት አስቀድሞ መንገርም ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ጭሱን ያየ ሰው ሮጦ መምጣት እንዳለበትና እንደሌለበት ያውቃል።

ለኩሱ፤ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ነፋስ ካለም እሳቱ ነፋሱን እየተቃወመ እንዲሄድ አድርጋችሁ። አራት ሰዓት ላይ ነበልባል ሊኖር አይገባም። ከዚያ የሚቀረው ሥራ የሚዘለለው ነው፦ ውኃ አፍስሱ፣ በአካፋ ገልብጡ፣ እንደገና አፍስሱ። የእጃችሁን ጀርባ አመዱ ላይ ሳታስነኩ አስጠግታችሁ ሙቀቱን ፈትሹ፤ ከሞቀ አልጠፋም። አፈር ብቻ ማልበስ እሳት አያጠፋም፤ ያስተኛዋል። ደረቅ ጉቶ ካለ ደግሞ ፍሙ በሥሩ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ከጠረጋችሁት ክበብ ውጭ ብቅ ሊል ይችላል። በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ እዩት፤ ጠዋት የተኛ ፍም የሚጨሰው በዚያ ሰዓት ነው።

ከሰል

ከሰል የሚከሰለው በሰው ዓይን በማይታይ ቦታ ስለሆነ እሳቱ ሲያመልጥ የሚያየው የለም። የአፈር ክምር ውስጥ ሙቀቱ 400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው፤ እንጨቱ ነድዶ የማያልቀው አየር ስላጣ ብቻ ነው። ክምሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ውስጡ እየሟሸሸ ሲሄድ፣ ከላይ ይሰምጣል፣ አፈሩ ይሰነጠቃል፣ አየር ይገባል፣ ነበልባል ይወጣል። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ አክሳዩ ቤቱ በተኛበት ነው። ጭሱን ማንበብ ይጠቅማል፦ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም፣ ውኃው ሲተን፤ ቀጥሎ ቢጫ የሚመስል፤ መጨረሻ ላይ ቀጭንና ሰማያዊ። ሰማያዊው ሲመጣ ቀዳዳው ሁሉ በእርጥብ አፈር ይደፈናል። ነጭ ጭስ እየወጣ በአንድ በኩል ድንገት ሰማያዊ ከታየ እዚያ ጋ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ወዲያው አፈር ይጨመርበት።

ፈቃድ ኖሮት የሚያከስል፣ ለምሳሌ ፕሮሶፒስን (የግጦሽ መሬት የሚወርር እሾሃማ ዛፍ) ከግጦሽ መሬት ለማስለቀቅ፣ በክምሩ ዙሪያ 5 ሜትር ይጥረግ፣ የአፈሩን ልብስ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያድርግ፣ ክምሩን ሌት ተቀን የሚጠብቅ ሰው ያቁም። ክምሩ ሲከፈት ከሰሉ የሞተ ይመስላል፤ አየር ሲያገኝ ግን ራሱን በራሱ ያሞቃል። ተበትኖ አንድ ቀን ሙሉ ካልዋለ በማዳበሪያ ከረጢት አይታሰር። መንገድ ዳር ተደርድሮ መኪና የሚጠብቅ ከረጢት ውስጥ አንድ ቀይ ፍም ካለ ሣሩን ይዞ ይሄዳል፤ መኪና ላይ ከተጫነም መኪናውን።

ቤትና መንገድ

በርጫ ላይ ለቡናውና ለዕጣኑ የተቀጣጠለ ከሰል ማታ ከአመዱ ጋር ከአጥር ውጭ ይደፋል። አመድ ግን ብርድ ልብስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ረመጥ እስከ ሦስትና አራት ቀን ሊቆይ ይችላል። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ላይ አጠራቅሙት፣ ውኃ ጨምሩበት፣ ከዚያ ድፉት። ፕላስቲክ ባልዲ አይሆንም። ሲጋራ የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ አየሩ በጣም ካልደረቀና ፍሙ ደቃቅ ማገዶ ላይ ካላረፈ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በደረቅ ቀን ከመኪና መስኮት ሲወረወር ግን ነፋሱ ስለሚያራግበው ሒሳቡ ይለወጣል። ማር ቆራጭ በችቦ ፈንታ ክዳን ያለው ማጨሻ ይያዝ፤ ችቦ ከዛፍ ላይ ሲወድቅ ማር ቆራጩ ከላይ፣ እሳቱ ከታች ነው።

ደንገጎን የሚወርድ ከባድ መኪና በፍሬን ብቻ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የጋለ ፍርፋሪ ወደ መንገድ ዳር ይተፋል፤ ሲብስም ጎማ ይነዳል። መድኃኒቱ በከባድ ማርሽ መውረድ ነው፤ ይህን ሾፌሮቹ ከኛ በላይ ያውቁታል፤ የሚያስቸግረው ችኮላው ነው። መኪና ወይም ሞተር ደረቅ ሣር ላይ አይቁም፤ ማርሚታውና ከሱ በፊት ያለው የጭስ ማጣሪያ ሣር ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት አላቸው፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ይቆያሉ። በብየዳና በግራይንደር ለሚሠራ ደግሞ ፍንጣሪው 10 ሜትር ይሄዳል ብሎ ማሰብ ይበቃል፤ ሜዳ ላይ አጥር ሲበየድ መሬቱ አስቀድሞ ይረጠብ።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ሁለት መንገድ አለው፦ ረግቦ ቅርንጫፍ ይነካል፣ ወይም ሁለቱ ሽቦዎች በነፋስ ተላትመው የቀለጠ አሉሚኒየም ያንጠባጥባሉ። ባሕር ዛፍ ከመስመር ሥር የሚተክል ሰው በአምስት ዓመቱ ሁለቱንም ችግር ይገዛል። ቅርንጫፉን ራሳችሁ አትቁረጡ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ያመለከታችሁበትን ቀንም መዝግባችሁ ያዙ። የወደቀ ሽቦ ካለ 10 ሜትር ራቁ፣ ውኃ አትርጩ።

ተፈጥሮ የምታስነሳው

በእኛ አካባቢ ከተፈጥሮ መነሻዎች ቁም ነገር ያለው መብረቅ ነው። አደገኛው ጊዜ በልጉ ሊገባ ሲል፣ ምድሩ ገና ደረቅ ሆኖ ደመናው ሲያጉረመርም ነው፤ ዝናቡ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይተናል፣ መብረቁ ግን ይደርሳል። የተመታ ዛፍ ወዲያው ላይነድ ይችላል፤ ውስጡ ለቀናት ሲጨስ ቆይቶ ነፋስ ሲያገኝ ይነሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከላይ እስከ ታች ቅርፊቱ በቀጭኑ የተላጠ፣ አንዳንዴም ግንዱን እየዞረ የወረደ መስመር፤ ዙሪያውን የተበተነ የእንጨት ስንጣሪ።

ሌላው ድርቆሽ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ውስጡ ይብላላል፣ ይሞቃል፤ ከ70 ዲግሪ ካለፈ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ክንድ ከክምሩ ውስጥ ገብቶ ካልቻለ፣ ሽታውም የተቃጠለ ስኳር ከመሰለ፣ ውኃ አዘጋጅታችሁ ጥቂት በጥቂት በትኑት። የተጣለ ጠርሙስ ፀሐይን ሰብስቦ ያቃጥላል የሚባለው ሊሆን የሚችል ቢሆንም ብርቅ ነው፤ ብርሃኑ በትክክለኛው ርቀት፣ በትክክለኛው ጭራሮ ላይ ማረፍ አለበት። ሌላው ሁሉ ሳይጣራ ጠርሙስ የሚከሰስበት ምርመራ ያልተመረመረ ነው።

መነሻውን መፈለግ

እሳቱ ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚሄደው ይበልጥ ወደ ወደመው ቦታ ነው። መነሻው እዚያ የለም። እሳት ሲለኮስ ትንሽ ነው፣ ደካማ ነው፤ በመነሻው ዙሪያ ግማሹ ሣር ሳይነድ ሊቀር ይችላል። ከባዱ ውድመት ያለው እሳቱ ከጎለበተ በኋላ በሄደበት ነው። ስለዚህ ከወደመው ተነሥታችሁ ወደ ቀለለው ሂዱ።

መጀመሪያ ሰው ጠይቁ፦ ጭሱን ማን አስቀድሞ አየ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት ሆኖ፣ ነፋሱስ በየት ነበር? ቀጥሎ የተቃጠለውን ቅርጽ ከማዶ ኮረብታ ላይ እዩት። ሜዳ ላይ ነፋስ የነዳው እሳት እንቁላል ይመስላል፤ መነሻው ነፋሱ በመጣበት በኩል፣ በቀጭኑ ጫፍ አጠገብ ነው። ተዳፋት ላይ ከታች ጠብቦ ወደ ላይ ይሰፋል፤ የታችኛውን ጫፍ ፈልጉ። ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተጠጋችሁ ሦስት ነገር አንብቡ። ግንዱ ላይ፦ እሳቱ ነፋስ ወይም አቀበት ነድቶት ካለፈ ጥቁሩ ከፍ ብሎ የሚወጣው እሳቱ በሄደበት በኩል ነው፤ ባይነዳው ጥቁሩ ዙሪያውን እኩል ይሆናል። ድንጋይ ላይ፦ ጥላሸቱ ያለው እሳቱ በመጣበት ፊት ነው፤ ከጀርባው ሳይነድ የተረፈ ሣር ታገኛላችሁ። ሣሩ ላይ፦ እሳቱ ቀስ ብሎ ባለፈበት ቦታ ሥሩ ተበልቶ የወደቀ ሣር ብዙ ጊዜ ራሱን ወደ መነሻው አድርጎ ይተኛል። አንዱ ምልክት ሊዋሽ ይችላል፤ ሃያ ምልክት አይቶ የብዙኃኑን መያዝ ነው።

ምልክቶቹ መገለባበጥ የጀመሩበት ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው ቦታ መነሻው ነው። በገመድ አጥሩት፣ አትርገጡት፣ አመዱን በእጅ አትዝቁ። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ከአንድ ጎን ጀምራችሁ እዩ፦ የክብሪት እንጨት፣ ሦስት ጉልቻ፣ የከሰል ፍርፋሪ፣ ክብ የአሉሚኒየም ጠብታ፣ የፍሬን ሸራ ቁራጭ፣ የተላጠ ግንድ። ምንም ካልተገኘ ያልተገኘው ራሱ መረጃ ነው፤ በእጅ በተያዘ ክብሪት የተለኮሰ እሳት የሚተወው ጥቂት ነው። ተራርቀው የሚገኙ ሁለት ሦስት መነሻዎች፣ በተለይ መንገድ ዳር፣ ሆን ተብሎ መለኮስን ያሳስባሉ፤ ግን የሚሄድ መኪና የተፋው ፍርፋሪም እንዲሁ ይሠራል። ወሰን በሚያጣላ መሬት ላይ ስም መጥራት ቀላል ነው፤ ደን ማቃጠል በደን አዋጁ (ቁጥር 1065/2010) የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ ስሙ የሚጠራው ፖሊስ ዘንድ ይሁን።

ያገኛችሁትን ሳታነሡ ፎቶ አንሡ፤ አንዴ ከሩቅ ቋሚ ዛፍ ወይም ምሰሶ አብሮ እንዲታይ፣ አንዴ ከቅርብ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ መጠኑ እንዲለይ። ከፎቶው ጋር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የመጀመሪያዋን ጭስ ያየውን ሰው ቃል ጽፋችሁ ለቀበሌው ስጡ፤ አንድ ቅጂ ግን እናንተ ዘንድ ይቅር።